ቤትህ በረንዳ ላይ ያጨስከው ሲጋራ ከሥራ ያስባርርሃል?

የምትሠራበት ቦታ ይወስነዋል። ዲሲ ከሆነ አያስባርርህም። ሜሪላንድ ከሆነ ሊያስባርርህ ይችላል። ቨርጂኒያ ከሆነ ደግሞ አሠሪህ መንግሥት ነው ወይስ የግል ድርጅት ተብሎ ይጠየቃል። እዚህ አካባቢ ያለን ሐበሾች ሲልቨር ስፕሪንግ አድረን ዲሲ እንሠራለን፤ ቅዳሜ አሌክሳንድሪያ ሠርግ ተጠርተን እንሄዳለን፤ እሁድ ደግሞ ሌላ ካውንቲ ቤተ ክርስቲያን እንስማለን። ድንበር መሻገራችንን እንኳ ልብ አንለውም። ሕጉ ግን ልብ ይለዋል።

ይህን ነገር እንዳጠና ያደረገኝ አንድ ጓደኛዬ ነው። የሲኤንኤ (የነርስ ረዳት) ኮርሱን ጨረሰ፣ ፈተናውን አለፈ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ካለ ትልቅ የሕክምና ድርጅት ኦፈር ሌተር (የሥራ መቀጠሪያ ደብዳቤ) መጣለት። ደመወዙ ከጠበቀው በላይ ነበር። አዲስ አበባ ለእናቱ ደውሎ እልል አስባለ። ማታ ላይ የወረቀቱን ፎቶ ላከልኝና ደወለ። "ስማማ፣ ይቺ ታች ያለችው ምንድናት? ድራግ ቴስት ናት አይደል? እኔ እንደሆነ ቢራ እንኳ ከቀመስኩ ቆይቻለሁ።" አነበብኩለት። ድራግ ቴስት ብቻ አልነበረችም። ሽንቱ ለኮቲኒንም እንደሚመረመርና ከተገኘበት ኦፈሩ እንደሚሰረዝ ይላል። ኮቲኒን ማለት ሰውነታችን ኒኮቲንን ሲሰባብረው የሚቀር ነገር ነው። ይህን ስነግረው ለትንሽ ጊዜ ዝም አለ።

"እኔኮ ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ በረንዳ ላይ ወጥቼ ነው የማጨሰው" አለኝ በመጨረሻ። "ሚስቴ እንኳ ተናግራ ተናግራ ትታኛለች። እነሱን ምን አገባቸው?"

ምን አገባቸው? እኔ ሲጋራ አላጨስም፣ ጠበቃም አይደለሁም። ግን ጥያቄው አላስተኛኝም፤ ያገኘሁትን ልንገራችሁ።

አሜሪካ ውስጥ የአብዛኛው የግል ድርጅት ሠራተኛ ቅጥር የቆመው በሁለቱም ወገን ፈቃድ ላይ ብቻ ነው። አንተ ባሻህ ቀን ትለቃለህ፤ እሱም ባሻው ቀን ያሰናብትሃል። ምክንያት እንዲያቀርብ አይገደድም። ምክንያቱ የማይረባ ቢሆን እንኳ ችግር የለውም፤ ዋናው ነገር ሕግ ለይቶ ከከለከላቸው ምክንያቶች አንዱ አለመሆኑ ነው። ከዚህ ደንብ ወጣ ያለችው ሞንታና ብቻ ናት፤ እዚያ የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ያለ በቂ ምክንያት አይሰናበትም። ስለዚህ "ሲጋራ በማጨሴ ሊያባርሩኝ መብት አላቸው ወይ?" ብለህ አትጠይቅ። "ይህን እንዳያደርጉ የሚከለክል ሕግ አለ ወይ?" ብለህ ጠይቅ። ከሌለ ይችላሉ።

የፌዴራሉ ሕግ አይከለክልም። የአድልዎ ሕጎቹ የሚጠቅሱት ዘርን፣ ቀለምን፣ ሃይማኖትን፣ ፆታን፣ የትውልድ አገርን፣ ዕድሜን፣ አካል ጉዳትንና የመሳሰለውን ነው። አጫሽ የሚባል ነገር እዚያ ውስጥ የለም። "ሱስ በሽታ ነው፣ በአካል ጉዳተኞች ሕግ ልከራከር" ያሉም ነበሩ። በ2001 እዚሁ ሜሪላንድ ያለው የፌዴራል ፍርድ ቤት አንድ የስቴት ሠራተኛ ያቀረበውን እንዲህ ያለ ክርክር ውድቅ አድርጎታል።

የሚገርመው በዚህ ረገድ የአገር ቤቱ ሠራተኛ ይሻላል። የኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ውል ለማቋረጥ ምክንያት እንዲኖረው ያስገድዳል፤ ምክንያቱም ከሠራተኛው ጠባይ፣ ሥራውን ለመሥራት ካለው ችሎታ ወይም ከድርጅቱ ሁኔታ ጋር የተያያዘ መሆን አለበት። የሙከራ ጊዜ ላይ ያለ ሰው ነገሩ ይለያል እንጂ፣ ቋሚ ሠራተኛን "ማታ ቤትህ ሲጋራ ስታጨስ ታየህ" ብሎ ማሰናበት አዋጁ ውስጥ ቦታ የለውም። ኢትዮጵያ ለአጫሽ ታዝናለች ማለቴ ግን አይደለም። በዚያው ዓመት የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112/2011 በሥራ ቦታና በሕዝብ መገልገያ ውስጥ ማጨስን ጨርሶ ከልክሏል፣ ከበር 10 ሜትር ሳይርቁ ማጨስንም እንዲሁ፤ ሲጋራ መግዣ ዕድሜውን 21 አድርጎታል፣ ሺሻንም አግዷል። ማለትም እዚያ የሚጠየቀው የት እንዳጨስክ ነው። እዚህ ደግሞ አንዳንድ ቦታ ደምህና ሽንትህ ይጠየቃል።

ወደ አሜሪካ ልመለስና አንድ መዝገብ ላጫውታችሁ፤ ከአንድ ሰው አፍ ብሰማው ኖሮ አላምነውም ነበር። ኦክላሆማ ሲቲ ውስጥ አንድ የእሳት አደጋ ሠልጣኝ ሲቀጠር ለአንድ ዓመት ያህል፣ በሥራ ላይም ከሥራ ውጪም፣ እንደማያጨስ ፈርሟል። አንድ ቀን ጠዋት ሥልጠናው ከባድ ነበር፤ አብሮት የሚሠለጥን ሰው ተጎድቷል። የምሳ ሰዓት ደረሰ። ያ ሰዓት ደመወዝ የማይከፈልበት የራሱ ሰዓት ነው። ሲጋራ ለኮሰና ሦስት ጊዜ ያህል ሳብ ሳብ አደረገ። አንድ የከተማው ሠራተኛ አይቶት ኖሮ ነገረበት። ተጠየቀ፣ አልካደም፣ ተባረረ። ከሰሰ። በ1987 የአሥረኛው ወረዳ የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት ከተማው ትክክል ነው አለ፤ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ጤናማ ሳንባ እንዲኖረው መፈለግ አሳማኝ ነው የሚል ነው ሐሳቡ። ስለ ሳንባው ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። ሦስት ጊዜ ሳብ በማድረግ ግን ሳንባ አይጠፋም፤ ሰውየው የተባረረው ለሳንባው ሳይሆን ለፈረመው ወረቀት ነው።

እሺ፣ እሱ እሳት ውስጥ የሚገባ ሰው ነው እንበል። በፍሎሪዳዋ ኖርዝ ማያሚ የተከለከለችው ግን ለጽሕፈት ሥራ ያመለከተች ሴት ናት። ከተማው ሥራ ፈላጊ ሁሉ "ባለፈው አንድ ዓመት ትምባሆ አልነካሁም" ብሎ በመሐላ እንዲፈርም ይጠይቅ ነበር። እሷ አጨሳለሁ፣ አልፈርምም አለች። የፍሎሪዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1995 ለከተማው ፈረደ። ክርክሩ የግል ሕይወቴ ተደፈረ የሚል ነበር፤ ዳኞቹ ደግሞ አጫሽ ሰው ዘንድሮ ሬስቶራንት ሲገባም ሆቴል ሲይዝም ታጨሻለሽ ወይ ተብሎ ይጠየቅ የለም ወይ፣ ከዚህ ምን ይለያል አሉ። መጠየቅና ሥራ መከልከል አንድ ሲሆን ይታያችሁ።

እነዚህ ሁለቱ መንግሥት የሚቀጥራቸው ሰዎች ናቸው፤ መንግሥት ደግሞ ቢያንስ ሕገ መንግሥት ይይዘዋል። የግል ድርጅትን እሱም አይይዘውም። በ2005 ሚሺጋን ያለ ዌይኮ የሚባል ኩባንያ ሠራተኞቹ ቤታቸውም ቢሆን ማጨስ እንደማይችሉ አወጀ። ለኒኮቲን አንመረመርም ያሉ አራት ሠራተኞች ሥራቸውን አጡ። ቀጥሎ ምርመራው የትዳር ጓደኛንም ይጨምር ተባለ። ሚስትህ ስላጨሰች ማለት ነው! ምክንያቱ የጤና ኢንሹራንስ ወጪ ነው። ሚሺጋን ውስጥ ይህን የሚከለክል ሕግ አልነበረም፤ ስለዚህ ሕግ አልያዛቸውም።

ታዲያ የሚከለክለው ሕግ የት አለ? ሃያ ዘጠኝ ስቴቶችና ዲሲ አላቸው። አብዛኞቹ የወጡት በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ መጀመሪያ ነው፤ ያኔ ቢሮ ውስጥ ማጨስ መከልከል የጀመረበት፣ አሠሪዎችም ከቢሮ አልፈው ወደ ቤት ማየት የጀመሩበት ጊዜ ነው። ከሕጎቹ ጀርባ የነበሩት የትምባሆ ኩባንያዎቹ ራሳቸው ናቸው፤ ስቴት በስቴት እየዞሩ ጎትጉተዋል፣ ገንዘብ አፍስሰዋል። አጠገባቸው የቆመው ደግሞ የዜጎች መብት ተከራካሪው ኤሲኤልዩ ነው። የሚገርም ጋብቻ ነው። አንዱ ሲጋራውን ለመሸጥ፣ ሌላው አሠሪ መኝታ ቤት እንዳይገባ። ብዙ የጤና ባለሙያዎች እነዚህን ሕጎች የሚጠሏቸው በዚህ አመጣጣቸው ነው፤ አልፈርድባቸውም። እኔ ግን ማን እንዳረቀቀው ሳይሆን ማንን እንደሚያድን ነው የማየው። የሚያድነው የሲጋራ ኩባንያውን ፊሊፕ ሞሪስን አይደለም፤ በረንዳ ላይ የቆመውን ሰው ነው።

የዲሲው ሕግ ግልጽ ነው። ማንም አሠሪ አንድን ሰው ትምባሆ ስለሚጠቀም አልቀጥርም ማለት፣ ማባረር፣ ወይም በደመወዝም ሆነ በሌላ የሥራ ሁኔታ ማበላለጥ አይችልም። ይህን ካደረገ የተጎዳው ሰው ፍርድ ቤት ሄዶ ያጣውን ደመወዝ ጨምሮ ካሣ መጠየቅ ይችላል። ሥራው ራሱ አለማጨስን በእውነት የሚጠይቅ ከሆነ ግን አሠሪው መከልከል ይችላል፤ የሥራ ቦታ ላይ እንዳይጨስ የማድረግ መብቱም አልተነካም። የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች በራሳቸው ሕግ ነው የሚሄዱት፤ እነሱን ከዚህ አውጧቸው።

ወንዙን ተሻግራችሁ ቨርጂኒያ ስትገቡ ሕጉ ይጠብባል። በ1989 የወጣው የቨርጂኒያ ሕግ የሚጠብቀው የስቴትና የአካባቢ መንግሥት ሠራተኞችን ነው። ካውንቲ ቢሮ የምትሠራ እህታችን ከሥራ ውጪ ብታጨስ ሥራዋ አይነካም፤ ሆቴል የሚሠራው ወንድሟ ግን አሠሪው ከፈለገ ሊያሰናብተው ይችላል። ያውም ማርልቦሮ የሚሸጠው አልትሪያ ዋና መሥሪያ ቤቱ ሪችመንድ በሆነበት ስቴት! ሜሪላንድ ደግሞ ጭራሹንም የላትም። ዌስተርን አቬኑን ወይም ኢስተርን አቬኑን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ የመንገዱ አንዱ ዳር ዲሲ ነው፣ ሌላው ሜሪላንድ። ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት ሱቆች አሉ እንበል። በአንደኛው ውስጥ ካሸር የሆነ ሰው መብት አለው፣ በሌላኛው የለውም። ቤትህ የት እንደሆነ በአብዛኛው ለውጥ አያመጣም፤ የሚታየው የምትሠራበት ቦታ ነው።

ይህ የወረቀት ላይ ልዩነት ብቻ እንዳይመስላችሁ። ትልልቆቹ አሠሪዎች ካርታውን በደንብ ያውቁታል። የዕቃ ማጓጓዣ መኪና አከራዩ ዩሆል ከየካቲት 2020 ጀምሮ ኒኮቲን የሚጠቀም ሰው እንደማይቀጥር ሲያስታውቅ ደንቡ የሚሠራው በሃያ አንድ ስቴቶች ብቻ ነው አለ፤ ሕጉ የሚፈቅድባቸውን መርጦ ማለት ነው። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ዝርዝሩ ውስጥ አሉ። ዋሽንግተን ስቴት፣ ቴክሳስና ጆርጂያም አሉ፤ ሲያትል፣ ዳላስና አትላንታ ያላችሁ ወገኖቼ ልብ በሉ። አላስካ ኤርላይንስ ከ1985 ጀምሮ ኒኮቲን ተጠቃሚ አይቀጥርም ነበር። ክሊቭላንድ ክሊኒክ በ2007 አጫሽ መቅጠር አቆመ፤ ከዚያ ወዲህ ሌሎች ሆስፒታሎች ተከትለውታል።

የሆስፒታሎቹ ነገር ነው ለእኛ ዋናው። ስንቶቻችን ነን በሕክምናው ዘርፍ ያለነው? ሲኤንኤ፣ ነርስ፣ ፋርማሲ ቴክኒሺያን፣ ወጥ ቤት፣ ጽዳት። ሆስፒታሎቹ የሚሉት የታወቀ ነው፦ እኛ የጤና ተቋም ነን፣ ምሳሌ መሆን አለብን። የዓለም ጤና ድርጅትም ከ2005 ጀምሮ አጫሽ አይቀጥርም፤ እሱ እንኳ ሥራው ትምባሆን መዋጋት ነውና ይገባኛል። ግን ሌሊት ሌሊት ወለል የሚወለውለው ሰውዬ ለማን ነው ምሳሌ የሚሆነው? ምሳሌነቱስ ሲጋራ ላይ ብቻ ለምን ቆመ? ስኳር አለ፣ አልኮል አለ፣ እንቅልፍ ማጣት አለ። ሁለት ሺፍት ደራርቦ የሚሠራ ሰው ጤናው እንዴት እንደሚሆን ያንን ፕሮግራም ያወጣው ሆስፒታል አያውቅም? ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ማጨስ በብዛት የሚታየው ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ሰዎች ዘንድ ነው፤ የአሜሪካ የበሽታ መከላከያ ማዕከል (ሲዲሲ) መረጃም ይህንኑ ያሳያል። ስለዚህ በሩ የሚዘጋው ሥራውንም ኢንሹራንሱንም አብልጦ በሚፈልገው ሰው ላይ ነው። ሲጋራ ማቆም የሚፈልግ ሰው የሚረዳው በሐኪምና በመድኃኒት ነው፤ ኢንሹራንሱን የሚያገኘው ደግሞ ከሥራው።

"ሲጋራ ግን ይገድላል እኮ" የሚለኝ ሰው አይጠፋም። ይገድላል። ልጆቼ ቢያጨሱ ቤቴን ነው የማነደው። እኔ የምከራከረው ለሲጋራው አይደለም፤ ሰዓቱን ከፍሎ የገዛ አሠሪ ያልገዛውን ሰዓት አይዘዝበት ነው የምለው። ዛሬ ለሳንባዬ ያሰበ ነገ ለክብደቴ፣ ከነገ ወዲያ ለጾሜ ያስባል። በሰኔ ሙቀት የሐዋርያትን ጾም እየጾመ ከባድ ሣጥን የሚያነሳ ስንት ሰው አለ!

ሌላ ቦታ ላላችሁ ባጭሩ። ኮሎራዶ ሰፊ ሕግ አላት፤ ትምባሆ ብቻ ሳይሆን ከሥራ ሰዓትና ከሥራ ቦታ ውጪ የሚደረግን ማንኛውንም ሕጋዊ ነገር ይጠብቃል። ኒው ዮርክ በ1992፣ ሚኒሶታም በዚያው ዓመት ያወጡት ሕግ ሕጋዊ የሆኑ ፍጆታዎችን ሁሉ ይሸፍናል፤ ቢራም ይግባ ሲጋራ። ኔቫዳም እንዲሁ ሕጋዊ ምርት መጠቀምን ይጠብቃል። ኖርዝ ካሮላይና ሦስትና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለውን አሠሪ ይይዛል። ኢሊኖይ፣ ኒው ጀርሲ፣ ቴነሲ፣ ኬንታኪም አላቸው።

ግን "ሕጋዊ" የሚለው ነገር ላይ ሁለት ጊዜ ሰዎች ተሰብረዋል። ማሪዋና በስቴት ሕግ ተፈቅዷል ብላችሁ በዚህ ሕግ እንዳትተማመኑ። በኮሎራዶ በዊልቸር የሚንቀሳቀስ፣ በሐኪም ፈቃድ ቤቱ ማሪዋና የሚወስድ የሳተላይት ቲቪ ኩባንያው የዲሽ ኔትወርክ ሠራተኛ ምርመራ ወድቆ ተባረረ። የስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2015 በፌዴራል ሕግ የተከለከለ ነገር ሕጋዊ አይባልም ብሎ ፈረደበት። ላስ ቬጋስ ደግሞ አንድ የካሲኖ ዲለር ሺፍቱን ሊጨርስ ሲል በሠራተኞች ማረፊያ ክፍል አዳልጦት ወደቀ፤ ከወደቀ በኋላ ተመረመረና ማሪዋና ተገኘበት፣ ተባረረ። የኔቫዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ2022 ከኮሎራዶው ጋር ተመሳሳይ ነገር አለ። ቬጋስ ካሲኖ ውስጥ ካርታ የሚያድሉ ስንት ሐበሾች እንዳሉ ስለማውቅ ነው ይህን ያስረዘምኩት። ኒው ዮርክ በ2021 ማሪዋናንም በሕጉ ውስጥ አስገብታለች፤ ኮሎራዶና ኔቫዳ ላይ ግን ከትምባሆ ጋር አንድ አድርጋችሁ አትዩት።

ሕግ ባለበት ቦታም ቢሆን ያለ ገደብ አይደለም። የሚጠበቀው ከሥራ ሰዓትና ከሥራ ቦታ ውጪ ያለው ነው። ግቢው ውስጥ መኪናህ ውስጥ ገብተህ ማጨስ ከሥራ ቦታ ውጪ አይባልም፤ ፓርኪንግ ሎቱ የአሠሪው ነው። ሽታም አለ። ታማሚ አጠገብ የሚሠራ ሰው ልብሱ ሲጋራ ሲሸት አሠሪው ዝም በል አይባልም፤ ያ የግል ሕይወት ሳይሆን የሥራ ጉዳይ ይሆናል። ዩበርና ሊፍት የምትነዱ ደግሞ በአብዛኛው እንደ ሠራተኛ ስለማትቆጠሩ እነዚህ ሕጎች አይደርሷችሁም። ኒኮቲን የሚመረምራችሁ የለም፤ መኪናው ከሸተተ ግን ተሳፋሪው ኮከቡን ይቀንሳል፣ ለዚያ ደግሞ ይግባኝ የለም።

ምርመራውን በተመለከተ። ኮቲኒን ከኒኮቲን ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ ሰውነት ውስጥ ይቆያል፤ ለቀናት፣ ብዙ በሚያጨስ ሰው ላይ ከዚያም በላይ። ምንጩን ግን አይለይም። ሲጋራ ነው፣ ቬፕ (ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ) ነው፣ ትምባሆ ያለበት ሺሻ ነው፣ ለማቆም ብለህ የለጠፍከው ፓች ወይም የምታኝከው የኒኮቲን ማስቲካ ነው፣ ሁሉም ያው ነው። "እኔ አጫሽ አይደለሁም፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሺሻ ብቻ" የምትሉ ልጆች፣ ለላቦራቶሪው አጫሽ ናችሁ። በፓች ወይም በማስቲካ ላይ ያለ ሰው ግን አናባሲን የሚባለው እንዲመረመርለት መጠየቅ ይችላል፤ እሱ ትምባሆ ውስጥ ያለ፣ ፓች ውስጥ የሌለ ነገር ነው። አንዳንድ አሠሪ ግን ኒኮቲን በማንኛውም መልኩ አልፈልግም ይላል፤ ያኔ ይህም አያድንም። ስለዚህ ኦፈር ሌተር ሲመጣ ከደመወዙ በታች ያለውን አንብቡ። የሚለው "ትምባሆ" ነው ወይስ "ኒኮቲን"? የሚመረመረው ስትቀጠር ብቻ ነው ወይስ በየጊዜው?

ፎርሙ ላይ ደግሞ አትዋሹ። ይህን የምለው ለመስበክ አይደለም። እኛ ከአባት ተደብቆ ማጨስን የለመድን ሕዝብ ነን፤ ማስቲካ አኝኮ፣ እጁን በሎሚ አሽቶ ቤት የገባ ሁሉ ያውቀዋል። ኤችአር (የሠራተኛ አስተዳደሩ) ግን አባትህ አይደለም፤ አባትህ ቢያውቅም ዝም ይልልሃል። አላጨስም ብለህ ፈርመህ ከተገኘህ የምትባረረው በውሸት ነው፤ የአጫሽ መብት ባለበት ቦታ እንኳ ያ ሌላ ምክንያት ይሆንባቸዋል፣ ክርክሩም ይከብድሃል። ጓደኛዬም መጀመሪያ ያሰበው ያንን ነበር። "ሳምንት ዝም ብዬ ልመርመርና ከዚያ..." አለ። ከዚያስ? ደንቡ በማንኛውም ጊዜ መመርመር እንችላለን ይላል። በመጨረሻ ትቶት ዲሲ ውስጥ የአረጋውያን መጦሪያ ገባ። ደመወዙ ትንሽ ያንሳል። ሲጋራውን እስካሁን አልተወም፤ ሚስቱ አሁን እኔንም ትወቅሰኛለች።

አንድ ነገር ቀርቶኛል፤ ይሄኛው ሥራ ያላችሁን ሁሉ ይመለከታል። ብዙ አሠሪ አያባርርም፣ ግን በየክፍያው ቼክ ላይ ለአጫሽ የጤና ኢንሹራንስ ጭማሪ ይቆርጣል። የፌዴራል ሕግ ይህን ይፈቅዳል፤ ጭማሪው ግን ለብቻህ ከሚያስፈልገው የኢንሹራንስ ዋጋ 50 በመቶ መብለጥ የለበትም። አሠሪው ሌላ አማራጭም መስጠት ግዴታው ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ማጨስ ለማቆም የሚረዳ ኮርስ ነው። ሰው የማያውቀው ይህን ነው፦ ኮርሱን ከጨረስክ፣ ማጨስ ባታቆም እንኳ፣ ጭማሪው ሊነሳልህ ይገባል። ለዓመቱ በሙሉ። አማራጩን ሳያሳውቁ የቆረጡ ትልልቅ ኩባንያዎች በቅርብ ዓመታት በሠራተኞቻቸው እየተከሰሱ ነው። የክፍያ ስሊፓችሁን አውጡና እዩት፤ የትምባሆ ጭማሪ የሚል መስመር ካለ ለኤችአር ኢሜይል ጻፉ፣ አማራጩ ምንድነው በሉ። በቃል አትጠይቁ፣ በጽሑፍ ይሁን። ካልመለሱላችሁ የፌዴራሉ የሠራተኛ መሥሪያ ቤት የኢንሹራንስና የጡረታ ጥቅም የሚከታተል ክፍል አለው፤ አቤቱታ መቀበል ሥራው ነው፣ አስተርጓሚም ይጠየቃል።